ታጣፊዋ ጀልባና የእትዬ ውብነሽ ፍርድ

ከጎባ የተነሳነው በየካቲት፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። የጉዞው ዓላማ አንድ ነበር፤ የእህቴ ባል ጋሼ ደምሰው በግቢው የሠራትን ጀልባ መልካ ዋከና ሐይቅ ወስዶ መፈተን። በሸራ ማዶ ደርሳ በሸራ ከተመለሰች ትኖራለች። ካልሆነ ስንመለስ አናጢው ተፈራ መጋዙን ይዞ በር ላይ ይጠብቀናል፤ ለዳስ ቋሚና ለእንግዳ መቀመጫ አግዳሚ አድርጎ ይሰነጥቃታል። ይህን የፈረደችው እህቴ እትዬ ውብነሽ ናት። ተፈራንም ቀጠሮ ያስያዘችው እሷው ራሷ ናት።

ፍርዱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ልጃቸው ሄለን ከፋሲካ በኋላ ታገባለች። ሠርጉ የሚደገሰው በግቢው ነው፤ ዳሱ በሚተከልበት ቦታ ላይ ደግሞ ጀልባዋ ተጋድማለች። ወደ አጥሩ ጥግ ለምን አትገፋም የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥጉ የእትዬ ውብነሽ ጌሾ ነው። ችግኙን ከእናታችን ግቢ አምጥታ፣ ውርጭ እንዳይመታው ጆንያ እያለበሰች ያሳደገችው ነው። ጎረቤት ቅጠል ሲለምናት እንኳ ራሷ ቆማ ትቆርጣለች እንጂ ማንንም አታስጠጋም። ጋሼ ደምሰው የጌሾውን ነገር አንድ ቀን አንስቶ፣ የመጣበትን አይቶ ሁለተኛ አላነሳም።

እኔ የሁለቱም ወገን ነኝ። ሮቤ ገበያው አጠገብ ሸራ እሰፋለሁ፤ የአይሱዙ ክዳን፣ የእህል መሸፈኛ፣ የድግስ ድንኳን። የጀልባዋን ሸራም የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ጥሩ ስፌት ነው፣ ማፈር ምን ያደርጋል። እትዬ ውብነሽ ደግሞ እናታችን ካረፈች በኋላ ያሳደገችኝ እህቴ ናት። ስለዚህ ያን ሰሞን ለጀልባዋ ስጸልይ በልቤ እህቴን ይቅርታ እየጠየቅኩ ነበር።

ጀልባዋን ላስተዋውቅ

ጋሼ ደምሰው የኮምባይነር መካኒክ ነው። በአጨዳ ወቅት ቤቱ አይገኝም፤ ሲናና ወረዳ ማሳ ላይ፣ ከቆመ ኮምባይነር ሆድ ሥር ነው። አንድ ዓመት መለዋወጫ እስኪመጣ ድረስ ማሳው ላይ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ የአንዲት ጀልባ ቪዲዮ አየ። ሦስት ጀልባዎች ጎን ለጎን የታሰሩ ትመስላለች፤ መሃል አንድ ቀጭን ረጅም አካል፣ ግራና ቀኝ በክንድ የተያያዙ ሁለት ትንንሽ ክንፎች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውየው ሰላም የለውም። ኮምባይነር ሥር ተኝቶ እንኳ ስለ ውሃ ነው የሚያወራው።

"ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች" አለች እትዬ ውብነሽ የመጀመሪያው ጣውላ ግቢ ሲገባ። "ባሕር በሌለበት አገር ጀልባ!"

"ባሕር የሌለው ሰው ነው እኮ ታጣፊ ጀልባ የሚያስፈልገው" አላት። "ባሕር ያለው ሰው ውሃው ላይ አስሯት ይሄዳል። የእኛዋ ግቢያችን ታድራለች፣ መኪና ላይ ትወጣለች፣ ዛሬ መልካ ዋከና፣ ነገ ላንጋኖ፣ ሲያሰኘን አባያ።"

"ሲያሰኘን ማለት አንተን ሲያሰኝህ ነው።"

ቀስ በቀስ የገባኝን ልንገራችሁ። ተራ የሸራ ጀልባ ነፋስ ሲገፋት እንዳትገለበጥ ከሥሯ ከባድ ብረት ትሸከማለች፤ ብረቱም ያዘገያታል። ባለ ሦስቷ ግን የምትቆመው በክብደቷ ሳይሆን በስፋቷ ነው። ነፋስ ሊጥላት ሲል በነፋሱ ማዶ በኩል ያለው ክንፍ ውሃውን ተደግፎ "ወዴት?" ይላታል። ስለዚህ ብረት አያስፈልጋትም፤ ቀላል ናት። መሃለኛው አካሏም ቀጭን ስለሆነ ውሃውን እየሰነጠቀ ያልፋል እንጂ እየገፋ አይለፋም። ፍጥነቷ ከዚህ ይመጣል። ችግሩ ይኸው ስፋቷ ነው፤ ተዘርግታ ስትቆም የጎባን መንገድ ከዳር እስከ ዳር ትዘጋለች።

የጋሼ ደምሰው ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ኮምባይነር ያጨደውን ስንዴ መኪና ላይ የሚያራግፍበት ረጅም ቱቦ አለው። ማሳ ላይ ወደ ጎን ይዘረጋል፤ መንገድ ሲወጣ ወደ ኋላ ዞሮ ከማሽኑ ጎን ይተኛል። የጀልባዋንም ክንዶች ልክ እንዲሁ ሠራቸው። ማጠፊያቸው ላይ ከአሮጌ ኮምባይነር የወጣ፣ ብረትን ያለ ችግር የሚያሽከረክር ኩሽኔታ አለ። ገፋ ስታደርጓቸው ወደ ኋላ ይዞሩና ሁለቱ ክንፎች የዶሮ ክንፍ ሲሰበሰብ እንደሚሆነው ከመሃለኛው ጋር ይጣበቃሉ። ያኔ አይሱዙ ላይ ትገባለች፤ ኋላዋ ብቻ ትንሽ ይተርፋል።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ጌጥ ነው፤ እሱ ግን ጌጥ አይለውም። ምሰሶዋ እግሩ ላይ ማጠፊያ አለውና ወደ ኋላ ይተኛል። ከሆዷ ወደ ውሃ የምትወርድ ሰሌዳ አለቻት፤ ነፋስ ወደ ጎን እንዳያንሸራትታት ትይዛታለች፣ ዳር ስትደርስ ትሳባለች። መሪዋም እንደዚሁ ይነሳል። በክንዶቹ መካከል እኔ የሰፋሁት መረብ ተወጥሯል፤ ሰው ይጋደምበታል። ውስጧ ሁለት ሰው የሚያስተኛ ፍራሽ፣ አንዲት ቡታጋዝ፣ የውሃ ጀሪካን ማስቀመጫና የጫማ መደርደሪያ አላት። የጫማ መደርደሪያውን የሠራው እትዬ ውብነሽን ደስ ይላታል ብሎ ነው። ደስ አላላትም።

ከጎባ ሮቤ

ጎህ ሲቀድ ሹፌሩ ከድር አይሱዙውን ወደ ኋላ እየነዳ በር ላይ አቆመ። ከድር የሮቤ ልጅ ነው፤ ስንዴ ወደ ሻሸመኔ የሚያመላልስ፣ ጨዋታ አዋቂ።

"አካም ቡልተን!" ብሎ እንዴት አደራችሁ አለንና ጀልባዋን ዞሮ አያት። "ጋሽ ደምሰው፣ ይቺ ነገር ክንፏን ብትዘረጋ ሳነቴ ተራራ ላይ ትበራለች፣ ወላሂ!"

ጎረቤት ወጣ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ጀልባዋ መኪናው ላይ ለመውጣት ሻይ የሚፈላበትን ያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀባትም። በተረፈው ኋላዋ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርን። ጋሼ ደምሰው ዞሮ ዞሮ ሁለቱን የክንድ ቁልፎች ነካካ። እነዚህ ቁልፎች የኩራቱ ኩራት ናቸው፤ ክንዶቹ ሲታጠፉ ከመሃለኛው አካል ጋር የሚቆልፏቸው፣ የእጅ አንጓ የሚያህሉ የብረት ዘንጎች ናቸው።

"ዋናው መንገዱ ነው" አለኝ። "ያልተቆለፈ ነገር መንገድ ላይ ይዘረጋና ሰው ይገድላል። ስንት ኮምባይነር ቱቦውን ሳይቆልፍ ወጥቶ የመብራት ምሰሶ ሲያወርድ አይቻለሁ።"

"ሲዘረጋስ ምን ይይዘዋል?" አልኩት፤ ለወሬ ያህል ነው እንጂ የገባኝ ነገር ኖሮ አይደለም።

"ሲዘረጋማ ሥራ ላይ ነው፣ የት ይሄዳል? ሽብልቅ እመታበታለሁ።" ከኪሱ ሁለት የወይራ ሽብልቆች አውጥቶ አሳየኝ። አምሮ ተጠርቧል። እኔም አመንኩ።

እትዬ ውብነሽ የመጨረሻዋ ሆና ወጣች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ወገቧን በሰፊው ባለ ጥለት መቀነቷ ጠምጥማ፣ የጭኮ ሣህኗን ታቅፋ። አትመጣም ብለን ነበር።

"ፈራጅ ሳያይ ይፈርዳል እንዴ?" አለችና ጋቢና ገባች።

ሮቤ ስንደርስ ከተማው ገና እየተነሳ ነበር። ባጃጆች ተሰልፈዋል፤ የጋሪ ፈረሶች አፍንጫቸው እየጨሰ ነው። የሱቄ ጎረቤት ዳቦ ጋጋሪው ሮጦ ወጥቶ ትኩስ ዳቦ በመስኮት አቀበለንና "ሂሳቡን ከባሕር ስትመለሱ፣ በዓሣ!" ብሎ ጮኸ። ቀይ ጨርቁ እየተውለበለበ ከተማውን አቋርጠን ወጣን።

ዲንሾ

ከሮቤ እንደወጡ የታጨደ ማሳ ነው፤ የስንዴ ቃርሚያ ላይ ከብቶች ተበትነዋል። ከዚያ መንገዱ መውጣት ይጀምራል፤ ቤቶች ይሳሳሉ፣ ነፋሱ ይጠነክራል፣ ብርድ ልብስ የለበሱ ፈረሰኞች ይበዛሉ። ዲንሾ ስንቃረብ ከጽዱና ከኮሶው ሥር የደጋ አጋዘኖች ቆመው አየን። አንዱ ወንድ አንገቱን አቅንቶ አይሱዙውን ሳይሆን ጀልባዋን ሲመለከት ቆየ። ከድር መኪናውን አዘገየ።

"እሱም ይጠይቃል፤ ምንድን ነው ይላል" አለ።

"ቢጠይቅ አይፈረድበትም" አለች እትዬ ውብነሽ።

ዲንሾ ላይ ሻይ ጠጣን። ነጭ ሽንኩርት የሚሸጡ አንዲት እናት ወደ መኪናው ተጠግተው የጀልባዋን ሆድ በጣታቸው አንኳኩ።

"ልጄ፣ የንብ ቀፎ ነው?" አሉኝ።

"ጀልባ ነች፣ እማማ። ውሃ ላይ የምትሄድ።"

"እኛ ወይብ ወንዝ ሲሞላ በፈረስ ነው የምንሻገረው።" ቆም ብለው አሰቡ። "ፈረሱ ይቀላል። ራሱ ይሄዳል።"

እትዬ ውብነሽ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ከሴትየዋ ሁለት ጉንጉን ሽንኩርት ገዛች። ጋሼ ደምሰው ግን ጎማውን ለማየት በሚል ሰበብ ዘወር ብሎ ጀልባዋን አንድ ጊዜ ዳበሳት። ፊቱን አየሁት። ሰው እየሳቀ ሳለ የራሱ ነገር ሊቆረጥበት እንደሆነ ሲያስታውስ ፊቱ ላይ የሚያልፍ ነገር አለ።

አዳባ

ከዲንሾ በኋላ ቁልቁል ነው፤ ሜዳው ደግሞ ይመለሳል። አዳባ በጊዜ ደረስን። ምግብ ቤቱ ውስጥ ጨጨብሳ በማር አዘዝን፤ ቅቤው አዲስ ነው፣ ከሮቤውም ይረክሳል። አንድ የትራፊክ ፖሊስ ቀዩን ጨርቅ አይቶ መጣ።

"ምንድን ነው የጫናችሁት?"

"ጀልባ" አለ ጋሼ ደምሰው።

"ሦስት ናቸው እኮ።"

"አንድ ነች። እግሯ ነው ሦስት።"

ፖሊሱ ዞሮ አያት፣ ጎንበስ ብሎም ሥሯን ተመለከተ። ቁልፎቹን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። "ማሰሪያው ጥሩ ነው። ሁሉም እንዲህ ቢያስር እኛም እናርፍ ነበር" ብሎ አሳለፈን። ጋሼ ደምሰው ከዚያ ወዲያ እስከ ሐይቁ ድረስ ይህንኑ ሦስቴ ደጋገመልን።

ከዋናው መንገድ ወደ ቀኝ ታጥፈን ጠጠሩን ያዝን። አቧራው ጋቢና ገባ። ከዚያ ድንገት፣ በገብስ ማሳዎቹ መጨረሻ ላይ፣ ሰማይ የወረደ መስሎ ውሃው ታየ። እትዬ ውብነሽ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። በኋላ ነው የነገረችን፤ ወንዝ እንጂ ሐይቅ በዓይኗ አይታ አታውቅም ነበር።

ውሃው

ዳር ላይ ዓሣ አስጋሪዎች መረብ ያደርቃሉ። ከእነሱ መካከል ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ሸበቶ ሰው መጥተው "ባጋ ነጋን ዱፍተን!" ብለው በደህና መምጣታችንን ባረኩ። ጉዳያችንን ስንነግራቸው ቀድመው እትዬ ውብነሽን ነው ያዩት።

"እርስዎ ነዎት ዳኛዋ?"

"እኔ ነኝ፣ አባቴ።"

"እንግዲያ ጠዋቱን ይጨርሱት። ከእኩለ ቀን በኋላ ነፋሱ ሌላ ነው፤ ውሃውም ሌላ ነው።"

አስጋሪዎቹ ተረባርበው ጀልባዋን አወረዷት። ጋሼ ደምሰው ቁልፎቹን ፈታ፤ ክንዶቹ በኩሽኔታቸው ላይ ያለ ድምፅ ዞረው ተዘረጉ። ከዳር ሆነው የሚያዩት ሰዎች "ኦሆ!" አሉ። ሽብልቆቹን በመዶሻ መታ፣ ምሰሶውን አቆምን፣ ሸራዬን ሰቀልን። የጭነት ገመዱን ከድር ጠቅልሎ መኪናው ላይ አኖረው፤ ክብደት አይጨመርም ብሎ የከለከለው ጋሼ ደምሰው ራሱ ነው።

ስትንሳፈፍ እንዴት እንደነበረች ለመጻፍ ብዙ ሞክሬ ሰርዣለሁ። እንዲያው ውሃው ላይ ተቀመጠች፤ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ሰው፣ ያለ ጭንቀት። ጋሼ ደምሰው መሪውን ያዘ፣ እኔ የሸራውን ገመድ፣ እትዬ ውብነሽ በጀልባዋ በር ላይ አማትባ ተቀመጠች። ለስላሳ ነፋስ መጣና ሸራው ሞላ። በእጄ በመርፌ የወጋሁት እያንዳንዱ ስፌት ሲወጠር ተሰማኝ። ከዚያ ሄድን! አብራን የተነሳችው የአስጋሪዎቹ ጀልባ ወዲያው ኋላ ቀረች፤ ከሥራችን ውሃው እንደ ጨርቅ ይቀደዳል። ጮኽኩ፤ አላፍርም፣ ከደስታ የተነሳ ጮኽኩ።

"ቀስ በል አንተ!" አለች እትዬ ውብነሽ ባሏን፤ ግን ነጠላዋን ከፊቷ ገልጣ ነበር።

ማዶ ደረስን። ሰሌዳዋን ስበን ጀልባዋን እስከ ሣሩ ድረስ አስጠጋናት፤ እትዬ ውብነሽ ጫማዋ ሳይረጥብ ወረደች። ሣሩ ላይ ጭኮ በላን። ጋሼ ደምሰው እየበላ ያወራል፤ መጋረጃ፣ ሁለተኛ ሸራ፣ የላንጋኖ ጉዞ። ነፋሱ ሲለወጥ ያስተዋለ የለም። ኦቦ ገመቹ የነገሩንን ጭኮው አስረሳን።

መመለሻው ላይ ሐይቁ መካከል ስንደርስ ነፋሱ ከጎን መጣ፤ ሞገዱም ተነሳ። ጀልባዋ መጀመሪያ ደስ ያላት ትመስል ነበር፣ ፍጥነቷ እጥፍ ሆነ። የግራው ክንፍ ውሃው ውስጥ በደንብ ጠልቆ ያርሳል። ያኔ "ጧ!" የሚል ድምፅ ሰማሁና የወይራው ሽብልቅ በአጠገቤ በሮ ውሃ ውስጥ ገባ። ውሃው ክንፉን ወደ ኋላ ጎተተው፤ ክንዱ በዚያ በተመሰገነው ኩሽኔታ ላይ ያለ ድምፅ መታጠፍ ጀመረ። መደገፊያዋን ያጣች ጀልባ ወደ ግራ አዘነበለች። ቡታጋዙ ተንከባለለ።

"ገመዱን ልቀቀው!" አለ ጋሼ ደምሰው።

ለቀቅኩት። ሸራው ነፋሱን ደፍቶ መርገብገብ ጀመረ፤ ጀልባዋም ቀና ብላ ቆመች። ሦስታችንም ተያየን። ጋሼ ደምሰው ክንዱን አየ፣ ቀጥሎ ያንን የእጅ አንጓ የሚያህል ቁልፍ አየ፤ ለመታጠፊያው ብቻ የተሠራውን።

"ኮምባይነር ነው የሠራሁት" አለ በቀስታ። "ኮምባይነር ቆሞ ነው የሚያራግፈው፣ ሲዘረጋ የሚጎትተው የለም። ይቺ ግን ተዘርግታ ነው የምትሮጠው። ቁልፉን በተሳሳተው በኩል አደረግኩት።"

ከዳር አስጋሪዎቹ አይተውን መቅዘፍ ጀምረዋል። ደርሰው ቢጎትቱን እንድናለን፤ ግን በሸራ ሄዳ በሸራ ትመለስ ነው ፍርዱ። ጋሼ ደምሰው እጁን መሪው ላይ አድርጎ የሚመጡትን መቅዘፊያዎች ብቻ ያያል። እኔም እንባዬ መጣ። እንዲህ ያለ ጥሩ ነገር ለአንድ ሽብልቅ ብሎ አግዳሚ ሊሆን ነው።

እትዬ ውብነሽ ተነሳች። በአንድ እጇ ምሰሶውን ይዛ በሌላው መቀነቷን መፍታት ጀመረች። ይፈታል፣ ይፈታል፣ አያልቅም፤ ያ መቀነት ጎባን ሊዞር ይችላል።

"እንካ" አለችኝ። "ክንዱን ወደ ፊት መልሰህ ከጀልባዋ አፍንጫ ቀለበት ጋር እሰረው። ሁለት እጥፍ አድርገው።"

"እትዬ…"

"እኔ የፈረድኩት በጀልባዋ ላይ ነው፣ በሽብልቁ ላይ አይደለም። ቶሎ በል፣ ሰዎቹ እየመጡ ነው!"

መረቡ ላይ በሆዴ ተሳብኩ። ጀልባዋ ስለቆመች ክንዱ በቀላሉ ወደ ፊት መጣ። መቀነቱን ከክንዱ ጫፍ ወደ አፍንጫዋ ቀለበት ወጥሬ፣ የአይሱዙ ሸራ በማስርበት ቋጠሮ ቋጨሁት። የቀኙን ሽብልቅ በመዶሻ ደግሜ መታሁ። ሸራውን ስቤ ያዝኩ። ጥለቱ ተወጠረ፣ ውሃ ጠጣ፣ ያዘ።

አስጋሪዎቹ አጠገብ ስንደርስ እትዬ ውብነሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ቋጥራ "ተመለሱ፣ አባቴ! ደህና ነን!" ብላ በእጇ መለሰቻቸው። በሸራ ሄደን በሸራ ዳር ደረስን። ኦቦ ገመቹ መቀነቱን አይተው እሷን አዩና ሲስቁ ጥርሳቸው ሁሉ ታየ።

መመለሻው

ለጥቂት ጊዜ ሁላችንም ያሸነፍን መስሎን ነበር። ጀልባዋ ታጠፈች፣ ተጫነች፣ ቁልፎቿ ተቆለፉ። መቀነቱ ርጥብ ስለሆነ አፍንጫዋ ላይ እንደታሰረ ተውነው። ከድር ታሪኩን ሁሉ ሰምቶ "ማሻአላህ" አለና ፍርዱ ምን እንደሆነ እትዬ ውብነሽን በቀጥታ ጠየቃት።

"እቤቴ ስገባ ነው የምፈርደው" አለች።

ከዚያ በኋላ እስከ አዳባ ዝም፣ ከአዳባ እስከ ዲንሾ ዝም። ጋሼ ደምሰው ዝምታዋን በራሱ መንገድ ተረጎመው። ዲንሾ ላይ ሻይ ስንጠጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ልክ ነች። ልጅ የሚዳርበት ግቢ ነው" አለኝ። "ጣውላው ለአግዳሚ ጥሩ ነው፣ አይወጋም። በደንብ ልጌዋለሁ።" ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ሮቤን አልፈን ጎባ ስንገባ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። በር ላይ እንደተባለው አናጢው ተፈራ ቆሟል፤ መጋዙ በጆንያ ተጠቅልሎ ብብቱ ሥር ነው። ሄለንም ወጥታለች። ጎረቤት ጀልባዋን አወረደና ግቢው መካከል፣ የድሮ ቦታዋ ላይ አስቀመጣት።

"ከየት ልጀምር?" አለ ተፈራ። ከዚያ ወደ ጀልባዋ ተጠግቶ መቀነቱን መፍታት ጀመረ።

"እሱን አትንካ!" አለች እትዬ ውብነሽ።

ተፈራ እጁን ሰበሰበ። ጋሼ ደምሰውም ቀና አለ። እህቴ ግቢውን በዓይኗ ለካች፤ ዳሱ የሚቆምበትን፣ በሩን፣ አጥሩን። በመጨረሻ ወደ ጥጉ ሄዳ ጌሾዋ አጠገብ ቆመች። አንድ ቅጠል ቀጠፈች፣ በጣቷ አሸች፣ አሸተተች።

"ይሄን ቁረጠው" አለችው ተፈራን። "ቅጠሉን ለሄለን ጠላ እወስደዋለሁ። ሁለት ሥር ብቻ ተውልኝ፤ እሱ ይበቅላል። ጀልባዋ እዚህ ትቆማለች።"

ጋሼ ደምሰው አንድ ነገር ለማለት አፉን ከፈተ።

"አንተ ዝም በል" አለችው። "ነገ ጠዋት ሲዘረጋም የሚቆልፍ ብረት ትሠራለህ። መቀነቴ ግን እዚያው ይሁን፣ በብረት ብቻ አላምንህም። ላንጋኖ ያልከውም ከሠርጉ በኋላ ነው፤ ከሠርጉ በፊት እንዳልሰማ።"

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርክ ብትሉኝ፣ ታጥፎ የተቀመጠ ነገር ራሱን ይጠብቃል፤ ቁልፍ የሚያስፈልገው ሲዘረጋ ነው እላችኋለሁ። ይህን ዛሬ ለእትዬ ውብነሽ ነግሬያት ነበር። "ቅኔህን ተወውና የዳሱን ሸራ ስፋ" አለችኝ። ለዳሱ የሚሆን ሸራ አልቆብኝ ነበርና የጀልባዋን ሸራ ወሰድኩ። ሄለን የምትዳረው ከእሱ ሥር ነው።